ለየትኛው ልጅ፣ የትኛው መጽሐፍ

ለልጅ መጽሐፍ መጠቆም ሁለት ዕውቀት ይጠይቃል፤ መጽሐፉን ማወቅና ልጁን ማወቅ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሁለተኛው ነው። «ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሆን አለ?» ተብሎ የተጠየቀ መጽሐፍ ሻጭ የሚያቀርበው ለዕድሜው የሚሆነውን እንጂ ለልጁ የሚሆነውን አይደለም። በስምንት ዓመቱ አንዱ ልጅ የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ እያነበበ ያልፋል፣ ሌላው ገና ፊደል ይለቅማል፤ አንዷ ተረት ከሆነ እንቅልፏን ትተዋለች፣ ሌላዋ ስለ እንስሳ ካልሆነ ጆሮዋን አትሰጥም። ስለዚህ ከዕድሜ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። ልጁ በቅርቡ ሳይሰለች እስከ መጨረሻው የሄደበት መጽሐፍ ወይም ተረት የትኛው ነው? «ድገሙልኝ» ያለው የቱን ነው? ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው? የሚያነብለት ሰው አለ ወይስ ብቻውን ነው የሚያነበው? የእነዚህ መልስ ከታወቀ ምርጫው ተጋመሰ ማለት ነው።

በአማርኛ ጥቆማውን ይበልጥ የሚያከብደው የመደርደሪያው አለመመጣጠን ነው። ለትንንሾች ተረት በብዛት አለ። ለአዋቂ የተጻፉ፣ ጎረምሳም የሚያነባቸው ትልልቅ ልብ ወለዶች አሉ። በመካከሉ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ላለው አንባቢ፣ መደርደሪያው ባዶ ለመባል ትንሽ ነው የሚቀረው። ክፍተቱ የቆየ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ለይቶ የጨረሰ ልጅ የሚጠብቀው መልእክተ ዮሐንስ፣ ሲቀጥልም ዳዊት ነበር፤ በፊደል ገበታና በዳዊት መካከል ለልጅ ተብሎ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ቦታውን የያዘው የመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ለፈተና እንጂ ለደስታ አይነበብም። የአማርኛ መጻሕፍትን ለልጆች የሚጠቁም ሰው ዋና ሥራ እንግዲህ ይህን ክፍተት ማሻገር ነው።

ሥዕላዊ መጽሐፍ ሲባል ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ሁሉ ማለት አይደለም። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሉ ጽሑፉን ይደግማል፤ ጽሑፉ በሬው ሣር ጋጠ ካለ ሥዕሉም በሬ ሣር ሲግጥ ያሳያል። በደንብ የተሠራ ሥዕላዊ መጽሐፍ ግን ታሪኩን ለሁለት ያካፍላል፤ ከፊሉን ጽሑፉ ይነግራል፣ ከፊሉን ሥዕሉ ያሳያል። ለዚህ እንግሊዛዊቷ ፓት ሃቺንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመችውን «ሮዚስ ዎክ» የሚያህል ምሳሌ አይገኝም። ጽሑፉ በሙሉ 32 የእንግሊዝኛ ቃላት ያሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሆን፣ ሮዚ የምትባል ዶሮ ግቢውን ዞራ ለራት ወደ ቤቷ መመለሷን ብቻ ይናገራል። በሥዕሉ ላይ ግን ከኋላዋ ቀበሮ አለ። ሊይዛት በዘለለ ቁጥር አንድ ነገር ይደርስበታል፤ የሣር መሰብሰቢያው እጀታ ተነሥቶ ፊቱን ይመታዋል፣ ኩሬ ውስጥ ይወድቃል፣ ዱቄት ይፈስበታል፣ በመጨረሻም ንቦች ያባርሩታል። ስለ ቀበሮው ጽሑፉ አንድም ቃል አይተነፍስም። ፊደል የማያውቀው ልጅ አዋቂው ከሚያነብለት በላይ ያውቃል፤ «ከኋላሽ! ከኋላሽ!» እያለ የሚጮኸውም ለዚህ ነው።

አሜሪካዊው ሞሪስ ሴንዳክ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው «ዌር ዘ ዋይልድ ቲንግስ አር» ሌላ መንገድ ያሳያል። መጀመሪያ ላይ ሥዕሉ በሰፊ ነጭ ኅዳግ የተከበበ ትንሽ ነገር ነው። የተቀጣው ማክስ በሐሳቡ ከክፍሉ እየራቀ ሲሄድ ሥዕሉ ገጽ በገጽ ይሰፋል፤ ከአውሬዎቹ ጋር ሲጨፍር ሁለቱንም ገጽ ሞልቶ ጽሑፉን ጨርሶ ያስወጣዋል። ማክስ ቤቱ ሲመለስና ራቱን ሲያገኝ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሥዕል የለም፣ ጥቂት ቃላት ብቻ። ይህን የሚያህል ነገር በቃል ቢነገር ገጾች ይፈጅ ነበር። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት 32 ገጽ የሚሆኑት ከማተሚያ ቤት አሠራር የተነሣ ነው፤ አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለቱም በኩል ታትሞ ሲታጠፍና ሲቆረጥ 8፣ 16 ወይም 32 ገጽ ይወጣዋል።

ለጥቆማ የሚቀርብን ሥዕላዊ መጽሐፍ ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። ጽሑፉን በእጅ ሸፍኖ ሥዕሉን ብቻ ከዳር እስከ ዳር ማየት። ሥዕሉ ብቻውን የሚያስጠይቅ፣ የሚያስገምት ነገር ካለው መጽሐፉ ሊገዛ ይገባል። ሁሉም ገጽ ላይ ሰው ቆሞ ወደ ፊት የሚያይ ከሆነ ሥዕሉ ለጌጥ የገባ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ሥዕሉን ትቶ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ አፍ የሚያደናቅፍ ዓረፍተ ነገር የልጅንም ጆሮ ያደናቅፋልና።

በአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ለረጅም ጊዜ ጥቂት የጥቁርና ነጭ ሥዕል ጣል ጣል የተደረገበት የተረት ስብስብ ነበር። ለባለ ቀለሙ ሥዕላዊ መጽሐፍ በር ከከፈቱት አንዱ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳሉ በአማርኛ ለልጅ የሚሰጥ መጽሐፍ ማጣታቸው አስቆጫቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን፣ በቀለም ሥዕል አሳተሙ። በዓመቱ አዲስ አበባ ውስጥ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ በሐዋሳ ደግሞ መጻሕፍት በአህያ በሚጎተት ጋሪ ወደ ልጆች መሄድ ጀመሩ። ማሞ ቂሎ ለመጀመሪያ መጽሐፍነት የተመቸ ተረት ነው። እናቱ የነገረችውን ሁሉ በተሳሳተ ሰዓትና በተሳሳተ ነገር ላይ የሚፈጽም ልጅ ለሠዓሊ ብዙ ሥራ ይሰጣል፤ ልጆችም ከማሞ እንደሚሻሉ ስለሚሰማቸው ደጋግመው ይስቃሉ። በ1999 ዓ.ም. መባቻ በቴሌቪዥን የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ም ቀጭኔዋን ፀሐይን ከስክሪን ወደ መጽሐፍ አምጥቷታል። ልጅ የሚያውቀውን ገጸ ባሕርይ በወረቀት ላይ ሲያገኝ መጽሐፍን መፍራቱ ይቀንሳል።

የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት ትልቁ ድካም የመጨረሻው ገጽ ላይ ይታያል። ጅብ በስስቱ ገደል ገባ፣ ጦጣ በብልሃቷ አመለጠች፤ ልጁ ገና እየሳቀ ሳለ «ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?» የሚል ርዕስ ይመጣና አራት አምስት ምክር ይደረደራል። ተረት በቃል ሲነገር እንዲህ አይደለም። አያት ተረቱን ጨርሰው ዝም ይላሉ፤ መጠየቅ የልጁ ድርሻ ነው። ምክሩን ደራሲው ሲቀማው ልጁ የሚያስበው ነገር ያጣል፣ መጽሐፉም ከክፍል ትምህርት ጋር አንድ ይሆንበታል። ሁለት እኩል መጻሕፍት ቢቀርቡ ምክር ያልተለጠፈበትን መምረጥ ተገቢ ነው። ያለው የተለጠፈበት ብቻ ከሆነም አንባቢው ያቺን ገጽ ሳያነብ መጽሐፉን ቢዘጋ የሚጎድል ነገር የለም።

ከሁሉም በላይ ልጅን በትንሽነቱ የሚጠቅመው የሚነበብለት መጽሐፍ ነው። ይህ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። አባባ ተስፋዬ በሚል ስም የሚታወቁት ተስፋዬ ሳህሉ ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲያወሩ ቆይተው በ2009 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ትውልድ የያዛቸው በታሪኩ ብቻ ሳይሆን በድምፃቸው መውጣትና መውረድ፣ ትንፋሽ በሚወስዱበት ቦታም ነበር። መጽሐፍ የሚያነብ ወላጅም ያንኑ ማድረግ ይችላል። ልጅ በጆሮው የሚረዳው በዓይኑ ከሚያነበው ሁለትና ሦስት ዓመት ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ ለሚነበብለት መጽሐፍ ከፍ ያለውን፣ ብቻውን ለሚያነበው ዝቅ ያለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ሁለቱን አንድ አድርጎ መጠቆም ብዙ ልጆችን ከንባብ አርቋል።

ብቻውን ማንበብ የሚጀምረው ልጅ ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 33ቱ የመደብ ፊደላት በሰባት ድምፅ ሲረቡ 231 ይሆናሉ፤ እንደ «ቋ» እና «ሟ» ያሉት ዲቃሎች በላዩ ይመጣሉ። ፊደሉን ከለየ በኋላ ልጁ ማንኛውንም ቃል ድምፅ ሊያወጣለት መቻሉ የአማርኛ ትልቅ ጥቅም ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ ጽሑፉ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚባለው፣ ልጁ የሚያውቀው ከዐውዱ ወይም ከሥዕሉ ነው። ሁለተኛ፣ የአማርኛ ቃል ይረዝማል። «አልተመለሰችላቸውም» አንድ ቃል ናት፤ አሥራ አንድ ፊደል አላት፤ በእንግሊዝኛ ስድስት ያህል አጫጭር ቃላት የሚጠይቀውን ሐሳብ ትሸከማለች። ስለዚህ በገጽ ውስጥ ያሉትን ቃላት በመቁጠር የተሠራ የውጭ የደረጃ ምደባ በአማርኛ ላይ ሲጫን ያሳስታል። በሽፋኑ «ደረጃ 1» የተባለ ትርጉም ገጹ ላይ ስድስት ቃል ብቻ ይዞ፣ ሦስቱ ቃላት ጀማሪን ትንፋሽ የሚያሳጥሩ ሊሆኑ ይችላሉ። የተሻለው መለኪያ የቃሉ ርዝመት ነው፤ ለጀማሪ አብዛኛው ቃል ከሁለት እስከ አራት ፊደል፣ ፊደሉ ጎላ ያለ፣ በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ ያለ መሆን አለበት።

መምህራን የሚጠቀሙበት የአምስት ጣት ሙከራ እዚህ ላይ ይረዳል። ልጁ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነባል፤ በተደናቀፈበት ወይም ትርጉሙ ባልገባው ቃል ላይ አንድ ጣት ያጥፋል። አንድ ወይም ሁለት ካጠፈ መጽሐፉ ይስማማዋል። አምስቱንም ካጠፈ ያ መጽሐፍ ለጊዜው ሰው የሚያነብለት ይሁን። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ብዙ ልጆች የመጀመሪያ ክፍሎችን በየራሳቸው አፍ መፍቻ ቋንቋ ስለሚማሩ፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ልጅ ከክፍሉ ዝቅ ያለ የአማርኛ መጽሐፍ መስጠት እሱን ማሳነስ አይደለም፤ የንባቡን ጣዕም እንዲያገኝ ነው።

አስቸጋሪው ምዕራፍ የሚጀምረው ልጁ ማንበብ ከቻለ በኋላ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ የጅብና የጦጣ ተረት «የሕፃን ነው» ይላል፤ የአዋቂ ልብ ወለድ ደግሞ ይከብደዋል። በሌላ አገር በዚህ ዕድሜ የሚነበበው ምዕራፍ ያለው፣ ዋና ገጸ ባሕርይው ልጅ የሆነ፣ ጀብዱና ምሥጢር የሞላበት አጭር ልብ ወለድ ነው፤ ብዙውም ተከታታይ ነው። ልጆች ተከታታይ የሚወዱት ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ሰዎቹንና መንደሩን አስቀድመው ስለሚያውቁ አእምሯቸው ለታሪኩ ይተርፋል፤ በርካታ ገጽ የማንበብ ልምድ የሚገነባውም በዚህ ነው። አማርኛ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ተከታታይ ነው፤ የልጆች ደራሲና አሳታሚ ገንዘብና ልብ እዚህ ላይ ቢውል ይገባል።

እስከዚያው ድረስ ክፍተቱን ከተለያየ አቅጣጫ መድፈን ይቻላል። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ሦስቱም መጻሕፍት ለዚህ ዕድሜ አሁንም ይሠራሉ፤ ግጥሙ አጭር፣ ታሪኩ ፈጣን ነው፣ በቃል ለመያዝም ይመቻል፤ ምክሩም ከታሪኩ ጋር የተዋሐደ ስለሆነ እንደ ቅጥያ አይታይም። ከውጭ የመጡ ትርጉሞች ውስጥ የፈረንሳዊው ሴንት ኤግዙፔሪ «ትንሹ ልዑል» ወደ አማርኛ ተመልሷል። ሆኖም መጽሐፉ ቀጭን ስለሆነ ብቻ ለሰባት ዓመት ልጅ መስጠት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ብቸኝነትንና መለየትን የሚያነሣ በመሆኑ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ከወላጅ ጋር ሲነበብ ይበልጥ ይገባል። ሦስተኛው መንገድ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ጦቢያ በሚል ስም የሚታወቀው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ከአዋቂ ልብ ወለድ ሁሉ ለዚህ ዕድሜ የሚቀርበው እሱ ነው። አባት ይማረካል፣ ወንድ ልጁ የአባቱን ማስለቀቂያ ለከፈለው ነጋዴ ገንዘቡን ሊመልስ ወጥቶ ይጠፋል፣ መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ትወጣለች። አጭር ነው፣ ጀብዱ አለው፣ ጀግናዋም ወጣት ሴት ናት። የቆየው አማርኛ ብቻውን ለሚያነብ ልጅ ስለሚጎረብጥ በየማታው ጥቂት ገጽ እየተነበበለት፣ የከበደው ቃል እየተፈታለት ቢሄድ ይሻላል።

ከአሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት በኋላ ምርጫው ይሰፋል። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ፈረንሳይ ተምሮ በተስፋ የተመለሰ ወጣት ከአገሩ አሠራርና ከጣሊያን ወረራ ጋር ሲጋጠም ያሳያል፤ ነገ ምን እሆናለሁ ለሚል ተማሪ ይቀርባል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ የአማርኛ ልብ ወለድ ሁሉ የሚመዘንበት መጽሐፍ ሆኗል፤ ነገር ግን ከአምስት መቶ ገጽ በላይ በመሆኑ ብዙ ወጣት የዋና ገጸ ባሕርይው የበዛብህ ወላጆች ታሪክ ሳያልቅ ያቆማል። ለዚህ መፍትሔው ከብዙ ዓመት በፊት ተገኝቷል። ወጋየሁ ንጋቱ ለኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ቅጂ አለ። ወጣቱ መጀመሪያ ጥቂት ክፍል አዳምጦ የገጸ ባሕርያቱን፣ የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣና የጉዱ ካሳን አነጋገር በጆሮው ከያዘ በኋላ መጽሐፉን ሲያነሣ ድምፃቸው አብሮት ይሄዳል። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ግን አጻጻፉ ውስብስብ ስለሆነ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ሊሆን አይገባም፤ ሦስት አራት ካነበቡ በኋላ የሚደረስበት ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የጦርነትና የፖለቲካ ዳራውን ለሚያውቅ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ማጠቃለያ ዓመታት ይሆናል። ልብ ወለድ አልወድም የሚል ጎረምሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማሞ ውድነህ የስለላ ታሪኮች ላይ ሲደርስ ሐሳቡን ይለውጣል። ከዚያ የሚጀምር አንባቢ ወደ ሌላው መሻገሩ አይቀርም፤ «ቁም ነገር አይደለም» ብሎ መንጠቅ ጉዳቱ ያመዝናል።

ወላጆች ስለ ይዘት የሚያነሡት ሥጋት መልስ ይፈልጋል። ሞትና ፍርሃት ከልጅ መጽሐፍ መወገድ የለባቸውም፤ የአገሩ ተረት ከጥንት ጀምሮ ጅብ የሚበላበት፣ እንጀራ እናት የምታስጨንቅበት ነው፣ ልጆችም በእናታቸው ጭን ላይ ሆነው ፈርተው ተምረውበታል። ሴሰኝነትንና ጭካኔን በዝርዝር የሚያሳዩ የአዋቂ ልብ ወለዶች ግን ጠቋሚው ራሱ ሳያነባቸው ለወጣት መሰጠት የለባቸውም።

ከአገር ውጭ ለሚያድግ ልጅ ጥያቄው ይለወጣል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የተወለደ ልጅ አማርኛ በጆሮው ይሰማል፣ በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ ያነባል፤ በእስራኤልም ከአያቶቹ ጋር በአማርኛ የሚያወራ ልጅ የሚያነበው በዕብራይስጥ ነው። ለእንዲህ ያለ ልጅ ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን የያዘ መጽሐፍ ይጠቅማል፤ ወላጅ አማርኛውን፣ ልጅ ሌላውን ማንበብ ይችላሉና። «ሬዲ ሴት ጎ» የሚባለው ተከታታይ ይህን አስቦ በአማርኛና በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ከእንግሊዝኛ ጋር ተዘጋጅቷል። ከዚህ ሥራ ጀርባ ካሉት አንዷ ደራሲዋ ጄን ከርትዝ ልጅነቷን ያሳለፈችው ኢትዮጵያ፣ ማጂ ውስጥ ነው። የራሷ ሥዕላዊ መጻሕፍትም ይጠቀሳሉ፦ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው «ፋየር ኦን ዘ ማውንቴን» ሌሊቱን ሙሉ በብርድ ተራራ ላይ ቆሞ የሩቅ እሳት እያየ ያደረውን እረኛ የታወቀ ተረት ይተርካል፤ የ2000ው «ፋርአዌይ ሆም» ደግሞ አባቷ ወደ ኢትዮጵያ ሊሄድ የተነሣባትን፣ አሜሪካ የምታድግ ልጅ ጭንቀት ይዟል። ሁለተኛው በተለይ ወላጁ በተደጋጋሚ ለሚጓዝ ልጅ ቅርብ ነው።

ከአገር ውጭ ለሚያድጉ ወጣቶች ሁለት የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ሊጠቆሙ ይገባል። የቤንጃሚን ዜፋንያ «ሬፊውጂ ቦይ» (2001) አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት የሆነውን ዓለም የሚባል ልጅ ይከተላል፤ በሁለቱ አገሮች ጦርነት ምክንያት አባቱ እንግሊዝ ውስጥ ትቶት ይመለሳል። የሶንያ ሌቪቲን «ዘ ሪተርን» (1987) ደስታ የምትባል የቤተ እስራኤል ልጅ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ያደረገችውን ጉዞ ይተርካል። የመጀመሪያው የበለጠ ይመረጣል፤ ዓለም የሚታዘንለት ምስኪን ብቻ ሳይሆን የሚቀልድ፣ የሚናደድ፣ ጓደኛ የሚያፈራ ልጅ ነው። ሁለተኛው ታሪኩን ከውጭ ሆና የተመለከተች ጸሐፊ ሥራ በመሆኑ፣ መንገዱን ራሳቸው ያለፉ ዘመዶች ካሉ ከእነሱ ትዝታ ጋር ጎን ለጎን ቢነበብ ይሻላል።

ጥቆማ መጽሐፉ ካልተገኘ ከንቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በብሔራዊ ቲያትርና በአራት ኪሎ አካባቢ ያሉ የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ከመደብር የጠፉ የልጆች መጻሕፍትን ያቆያሉ፤ አንዳንዶቹም ያከራያሉ። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለልጆች የተለየ ቦታ አለው። በገጠር ኮድ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት የሚደግፋቸው የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ ድርጅቱ ራሱም የልጆች መጻሕፍት ያሳትማል። በስልክ ለሚያነብ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ እና እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 አዲስ አበባ ላይ ይፋ የሆነው ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ የአማርኛ ሥዕላዊ መጻሕፍትን በነጻ ያቀርባሉ።

ነጻዎቹ መጻሕፍት ግን መመረጥ አለባቸው። ብዙዎቹ ከሌላ ቋንቋ የተመለሱ በመሆናቸው ጥራታቸው አንድ አይደለም። በየዓረፍተ ነገሩ «እሱ» እና «እሷ» የተደጋገመበት ትርጉም ወዲያው ይታወቃል፤ የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በውስጡ ስለሚይዝ ድግግሞሹ ለልጅ ጆሮ እንግዳ ነው። ሦስት ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብ ለመለየት ይበቃል። ጥሩ ሆኖ የተገኘውን፣ የተለቀቀበት ፈቃድ ማባዛትን ስለሚያካትት፣ መምህር ወይም ወላጅ አትሞ፣ በመርፌና ክር ሰፍቶ፣ ሽፋኑን በካርቶን አጠናክሮ ለክፍሉ ወይም ለቤቱ መደርደሪያ ሊያውል ይችላል።